ዳኛውን የሚዳኘው ማነው? የኢትዮጵያ እግር ኳስ ዳኝነት ከአራዳ እስከ መቐለ

ሙግት የሚወድ አገር ነው። በላ ልበልሃ በነበረበት ዘመን መንገድ ላይ የተካሰሱ ሁለት ሰዎች አላፊውን «ዳኘን» ብለው ያስቆሙት ነበር። ያም ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ያደምጣል፤ ዋስ ያስጠራል፤ ነገሩ ከከበደው ኩታቸውን አቋጥሮ ወደሚቀጥለው ዳኛ ይሰዳቸዋል። ፍርዱ ያልተዋጠለት ይግባኙን ከጭቃ ሹም አንስቶ እስከ ዙፋን ችሎት ይዞ ይወጣል። እግር ኳስ ወደዚህ አገር የመጣው ግን ፈጽሞ ሌላ ዓይነት ዳኛ ይዞ ነው። ይህ ዳኛ በሰከንድ ውስጥ ይፈርዳል፣ ምስክር አይጠራም፣ በዓይኑ ባየው ነገር ላይ የሰጠው ውሳኔም አይሻርም።

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ዳኝነት ታሪክ እነዚህ ሁለት ልማዶች በአንድ ሜዳ ላይ የተጋጠሙበት ታሪክ ነው። «የዛሬ ዳኛ ወርዷል፣ ድሮ ቀረ» የሚለውን ክርክር በየቡና ቤቱ ሰምተነዋል። ታሪኩን ከሥሩ ስንከተለው ግን ከዳኞቹ ችሎታ ጎን ለጎን ሌላ ነገር ይታያል፦ ቅሬታ መሄጃ ባገኘበት ዘመን ዳኝነቱ ተከበረ፤ ቅሬታ መሄጃ ባጣበት ዘመን ደግሞ ይግባኙ ራሱ ሜዳ ውስጥ ገባ።

ከ1928 እስከ 1936፦ ፊሽካው የገዥው ነበር

እግር ኳስ በትውልድ አገሩም ቢሆን ዳኛን ከመጀመሪያው አላወቀውም። በእንግሊዝ ለረጅም ጊዜ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን አስታራቂ ያቆም ነበር፤ ሦስተኛው ሰው ከሜዳው ዳር ቆሞ ሁለቱ ካልተስማሙ ብቻ ይጠየቃል። ያ ሦስተኛ ሰው ፊሽካውን ይዞ ወደ መሀል ሜዳ የገባው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ጨዋታው አዲስ አበባ ሲደርስ ይህ ሥርዓት ገና ግማሽ ምዕተ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ከአራዳ ልጆች ጋር ሆነው ቅዱስ ጊዮርጊስን መሠረቱ። ክለቡ በወጉ ሳይጠና የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። በወረራው ዘመን ስፖርቱ በዘር ተከፈለ፤ ጣሊያኖች ለብቻቸው፣ «የአገሬው ተወላጆች» ለብቻቸው እንዲጫወቱ ተደረገ። ጊዮርጊስም ስሙን ተነጥቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» በሚል መጠሪያ እንዲሰለፍ ተገደደ። የቡድኑን ስም የሚወስነው ገዥው በሆነበት ሜዳ ላይ ስለ ፊሽካው ትክክለኛነት መከራከር ትርጉም አልነበረውም።

ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች የከተማዋን ማኅበረሰቦች የሚወክሉ ነበሩ፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፣ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ አምስተኛው ደግሞ የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልዕኮ ቡድን። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። በእንዲህ ያለ ውድድር ላይ ማንም ቢያፏጭ ከአምስቱ የአንዱ ወገን መባሉ አይቀርም። ገለልተኛ ዳኛ የሚባለው ሰው የሚበቅለው ከሁሉም ቡድን በላይ የሆነ ተቋም ሲኖር ነው። የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ መሠረት የተጣለውም በዚያው ሰሞን ነበር።

ከ1949 እስከ 1962፦ ኢትዮጵያዊ ዳኛ በዓለም ፊት

በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር መሥራች ነበረች። በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከውድድሩ በመውጣቷ ኢትዮጵያ በቀጥታ ለፍጻሜ ደረሰች፤ በግብፅም 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው አድ-ዲባ በሚል ቅጽል የሚታወቀው መሐመድ ዲያብ ኤል አታር ነው። ይህ ሰው ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ፊሽካ ያዘ። በ1960 ዓ.ም. ስድስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በኢትዮጵያ ሲስተናገድ ኮንጎ ኪንሻሳና ጋና አዲስ አበባ ላይ ያደረጉትን የፍጻሜ ጨዋታ የመራው እሱ ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በአራት ግብ የቀጣቸውን ሰው አዲስ አበቤዎች በመሀል ዳኝነት አዩት።

በመካከሉ የ1954ቱ ድል አለ። በአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የሚሠለጥነው ቡድን የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ያንን ጨዋታ የመራው ከኡጋንዳ የመጣ ዳኛ ነው። በአህጉሩ ውድድር አንድ ልማድ ሥር እየሰደደ ነበር፦ ዳኛው ከሦስተኛ አገር ይመጣል፤ ከሁለቱ ቡድን የማንም አይደለም።

አገር ውስጥ ግን ይህንን መተግበር ቀላል አልነበረም። ሻምፒዮናው ከአዲስ አበባ ወጥቶ አገር አቀፍ ሲሆን የአሥመራዎቹ ሐማሴንና ቴሌ ዋንጫ መውሰድ ጀመሩ፤ የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበርም እንዲሁ። የአንዱ ከተማ ዳኛ በሌላው ከተማ ጥርጣሬ ማስነሳቱ የተጀመረው ያኔ ነው። ጥርጣሬውን ያረገበው የሰዎቹ ክብደት ነበር። ሜዳው ጥቂት፣ ዳኛው ጥቂት፣ ፌዴሬሽኑን የሚመሩት ሰዎች ደግሞ ሁሉም የሚያውቃቸውና የሚያከብራቸው ነበሩ። ቅር ያለው ሰው ቢሮ ገብቶ የሚያነጋግረው አላጣም።

የዚህ ትውልድ ከፍታ ግንቦት 30 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው። በሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ ቶሉካ ከተማ ላይ እስራኤልና ስዊድን ሲጋጠሙ የመሀል ዳኛው ኢትዮጵያዊው ሥዩም ታረቀኝ ነበር፤ ጨዋታው 1 ለ 1 ተጠናቀቀ። ያ የዓለም ዋንጫ ቢጫና ቀይ ካርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለበት ነው። ሐሳቡን ያመነጨው እንግሊዛዊው ኬን አስተን ሲሆን መነሻውም እ.ኤ.አ. በ1966 እንግሊዝና አርጀንቲና ያደረጉት ጨዋታ ነበር። በዚያ ጨዋታ ማን እንደተቀጣ፣ ማን እንደተባረረ ተጫዋቾቹ ሳይቀሩ ግራ ገብቷቸው ነበር። ዳኛው እስከዚያ ቀን በቃል የሚናገረውን ፍርድ ከዚያ በኋላ በቀለም ያሳይ ጀመር። ይህ ለዳኝነት ጥራት ትልቅ እርምጃ ነው፤ ፍርዱ ሩቅ ላለው ተመልካችም ግልጽ ሆነ፤ ተመዝግቦም ሊቆጠር ቻለ።

ከ1964 እስከ 1983፦ ትልቅ ስም፣ ቀጭን መዋቅር

በ1964 ዓ.ም. አቶ ይድነቃቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ1979 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስም በቦታው ቆዩ። የአሥመራው ተስፋዬ ገብረየሱስም የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜን የመራ ዳኛ ለመሆን በቃ። ከውጭ ሲታይ የኢትዮጵያ ዳኝነት ስሙ ትልቅ ነበር።

በአገር ቤት ግን አብዮቱ የእግር ኳሱን ቤት ከመሠረቱ አናውጦታል። ክለቦች በፋብሪካና በመሥሪያ ቤት ስም እንደ አዲስ ተዋቀሩ፤ አሮጌው ጊዮርጊስ እንኳ ለጊዜው ስሙን ተነጠቀ። ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጡ ቡድኖች የሚሳተፉበት ሻምፒዮና ቀጠለ፤ ዳኛውም ከመንግሥት ሥራው አስፈቅዶ የሚመጣ፣ በአበል የሚያጫውት ሰው ነበር። ፊሽካ መተዳደሪያ ሆኖ አያውቅም። የሥዩም ታረቀኝና የተስፋዬ ገብረየሱስ ስም ያደገው በግል ትጋታቸው ነው፤ እነሱን የሚተካ ትውልድ የሚያወጣ ትምህርት ቤት ከኋላቸው አልተተከለም። የ1983ቱ ለውጥ ሲመጣ ከአሥመራ ክለቦች ጋር የአሥመራ ዳኞችም ከኢትዮጵያ መዝገብ ወጡ።

ከ1990 እስከ 2005፦ ኮሚሽነሩ፣ ክሱና ወረቀቱ

በ1990 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ ሲጀመር ጨዋታው በባለሜዳና በእንግዳ ቡድን ሥርዓት በየከተማው መዞር ያዘ። ያኔ ነው ዳኛውን የሚዳኘው ሰው በግልጽ የታየው፤ እሱም የጨዋታ ኮሚሽነሩ ነው። ከክብር ትሪቡኑ ተቀምጦ ይመዘግባል፦ ጨዋታው በሰዓቱ ተጀመረ ወይ፣ ጸጥታው እንዴት ነበር፣ ዳኛው ምን ወሰነ፣ ደጋፊው ምን ወረወረ። ከዳኛው ሪፖርት ጋር የሱም ሪፖርት ለፌዴሬሽኑ ይገባል፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴውም በሁለቱ ላይ ተመሥርቶ ይቀጣል።

የዳኛው ብቃት የሚለካበት መስፈርትም ዓለም አቀፍ መልክ ያዘ። የፊፋ ባጅ የሚፈልግ ወንድ ዳኛ 40 ሜትርን በ6 ሰከንድ ውስጥ ስድስት ጊዜ መሮጥ አለበት። ከዚያም 75 ሜትር በ15 ሰከንድ ሮጦ 25 ሜትር በእርምጃ እያረፈ 40 ጊዜ ይመላለሳል፤ ድምሩ 4 ሺህ ሜትር ይሆናል። በአዲስ አበባ ከፍታ ይህንን የሚያልፍ ሰው ሳንባው የተፈተነ ነው። ከሩጫው በኋላ ገምጋሚው የሚያየው የቦታ አያያዙን፣ ከረዳቶቹ ጋር መናበቡን፣ በመጀመሪያው አጋማሽ የቀጣውን ጥፋት በሁለተኛውም መቅጣቱን፣ ተጫዋቾችን መቆጣጠሩን ነው። በአውሮፓ ሥርዓት ነጥቡ ከ10 ይሰጣል። የተጠበቀውን ያህል የሠራ ዳኛ 8.3 ወይም 8.4 ያገኛል፤ አንድ ግልጽና ወሳኝ ስህተት ከሠራ ግን የቀረው ሁሉ ያማረ ቢሆንም 7.9 ላይ ይቆማል። ደጋፊ የሚያስታውሰው ያቺን አንዷን ስህተት ብቻ ነው። ባለሙያው ደግሞ የቀሩትን ሁለት መቶ ውሳኔዎችም ይቆጥራል። ስለ ዳኝነት ጥራት ሁለቱ ወገኖች የማይግባቡት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በዚሁ ዘመን የአገራችን ሜዳዎች አንድ የሙግት ሥርዓት አዳበሩ። ውሳኔ ያልተዋጠለት ቡድን አምበሉን ልኮ ዳኛው ፊት «ክስ ያስይዛል»፤ ክሱ ተመዝግቦ ጨዋታው ይቀጥላል። የበላ ልበልሃ ልጅ መሆናችን እዚህ ላይ ይታያል፤ ተሸንፎ ከመውጣት ክስ አስይዞ መሸነፍ ይሻላል። ችግሩ የክሱ አቅም ነው። ዳኛው ባየው ፍሬ ነገር ላይ፣ ማለትም ኳሱ መስመር አለፈ ወይስ አላለፈ፣ ተነካ ወይስ አልተነካ በሚለው ላይ፣ የወሰነውን ማንም ኮሚቴ አይሽረውም። ክስ የሚያዋጣው ዳኛው ሕጉን ራሱን ሲስት ነው። ለዚህ በዓለም የታወቀው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2005 ኡዝቤኪስታንና ባሕሬን ያደረጉት የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነው። ኡዝቤኮች የመቱት ፍጹም ቅጣት ምት ግብ ቢሆንም የቡድን ጓደኛቸው ቀድሞ ወደ ክልሉ ገብቷል ተባለ። ሕጉ «ይደገም» ይላል፤ ዳኛው ግን ለባሕሬን ቅጣት ምት ሰጠ። ፊፋ ይህንን የሕግ ስህተት ብሎ ጨዋታው ከመጀመሪያው እንዲደገም አዘዘ። 1 ለ 0 አሸንፈው የነበሩት ኡዝቤኮች በድጋሚው ጨዋታ አቻ ወጡ፤ በመጨረሻም ያለፈችው ባሕሬን ሆነች።

ወረቀት ምን ያህል እንደሚከብድ ኢትዮጵያ በ2005 ዓ.ም. በገዛ ራሷ ተማረችው። በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን ከሜዳ ውጭ ያሸነፈው ብሔራዊ ቡድን ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበትን ተጫዋች በማሰለፉ ውጤቱ ተሰርዞ ሦስት ነጥብ ተቀነሰበት። ዳኞቹ ካርዱን በትክክል መዝግበው ነበር፤ መዝገቡን ያላነበበው የኛ ወገን ነው። ቡድኑ ምድቡን በአንደኝነት ማጠናቀቁ ቁጣውን አበረደው። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነበር፦ በዘመናዊ እግር ኳስ ፍርድ የሚጸናው በመዝገብ ነው።

ከ2009 እስከ 2010፦ ሰሜን ሲመጣ፣ ሊጉ ሲቆም

በ2009 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊጉ ሦስት ቡድኖች አደጉ፦ ጅማ አባ ጅፋር፣ መቐለ ከተማ እና ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ። ሦስተኛው ስሙ እንደሚናገረው ከከፍተኛ ትምህርት ተቋም ጋር የተጣመረ ክለብ ነው። የሊጉ ካርታ በአንድ ክረምት ወደ ሰሜን ተዘረጋ።

አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ የሊጉ በር የሆነው በዚህ ጊዜ ነው። ማረፊያው በኲሓ በኩል ከመቐለ ወጣ ብሎ ይገኛል፤ ስሙንም ያገኘው በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ጣሊያንን ድል ካደረጉት የመረብ ምላሽ ገዥ ከራስ አሉላ እንግዳ የፈረስ ስም ነው። ከአዲስ አበባ በአየር የሚመጣ ዳኛ እዚህ ይወርዳል፤ አዲግራት የተመደበ ከሆነ በመኪና ወደ ሰሜን ይቀጥላል። እንግዳው ቡድን በዚያው በረራ ሊሳፈር ይችላል፤ ኮሚሽነሩም እንዲሁ። ማን ከማን አጠገብ ተቀመጠ የሚለው ወሬ ከዳኛው ቀድሞ ሜዳ ይደርሳል። በዚያ ዘመን ክለቦች የከተማና የብሔር መለያ እየሆኑ ነበርና ወሬው ቀላል አልነበረም። ዳኛው የሚገባበት ስታዲየም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይጮኽበታል።

ጩኸቱ በፊሽካ ላይ የሚያደርገው ተጽዕኖ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት 40 ዳኞች የአንድን ጨዋታ ምስል አይተው እንዲፈርዱ ተደረገ፤ ከፊሎቹ ከነጩኸቱ፣ ከፊሎቹ ድምፁ ተዘግቶ። ጩኸቱን የሰሙት በባለሜዳው ቡድን ላይ 15.5 በመቶ ያነሰ ጥፋት ቆጠሩ። ጉቦ የለም፣ ዛቻ የለም፤ ድምፅ ብቻ ነው። ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም የሚጓዝ ዳኛ ይህንን ሸክም ይዞ ነበር የሚገባው።

ሚያዝያ 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ግን የሆነው በጩኸት ብቻ አይገለጽም። ጨዋታው አዲስ አበባ ላይ ነበር፤ ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ እንግዳ ነበር፤ ተጋጣሚው መከላከያ። ዳኛው ለመከላከያ ግብ አጸደቀ። የወልዋሎ ወገኖች ኳሱ መስመሩን አላለፈም አሉ። ክስ ቢያስይዙ ምንም እንደማይለወጥ ያውቃሉ፤ ክርክሩ የፍሬ ነገር ነውና። ከቡድኑ አባላት የተወሰኑት ዳኛውን በሜዳው ዙሪያ አሳደዱት፤ መሬት ላይ ሲወድቅም በእርግጫና በቡጢ መቱት። ምስሉ በአገር ውስጥም በውጭም ተሰራጨ። ሊጉ ላልተወሰነ ጊዜ ተቋረጠ፤ የዳኞች ደኅንነት ጥያቄም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁሉም አጀንዳ በፊት ቀረበ።

«መስመሩን አለፈ አላለፈ» የሚለው ጥያቄ ዓለምን ያወዛገበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ዋንጫ የእንግሊዙ ፍራንክ ላምፓርድ ጀርመን ላይ የመታው ኳስ በግልጽ ገብቶ ሳለ ዳኛው አላየውም። ያ ስህተት እ.ኤ.አ. በ2012 የግብ መስመር ቴክኖሎጂ እንዲፈቀድ በር ከፈተ። በኛ ሜዳ ግን ለዚያ ጥያቄ የነበረው መልስ የሁለት ሰዎች ዓይን ብቻ ነው፤ የመሀል ዳኛውና የረዳቱ። ዓይናቸውን ያላመነ ሰው ወደ ማን ይሄዳል? ድርጊቱን ምንም አያጸድቀውም። ምክንያቱን የምንፈልገው እንዳይደገም ነው፤ ምክንያቱም ይግባኙ ከሜዳ ውጭ መንገድ ማጣቱ ነበር።

የዚያ ጸደይ ሌላ ገጽታም አለው። ከወር በፊት ፊፋ ለሩሲያው የዓለም ዋንጫ የመረጣቸውን ዳኞች ሲያሳውቅ ኢትዮጵያዊው ባምላክ ተሰማ ከመካከላቸው ነበር። አገሩ ላይ የሥራ ባልደረባው በተደበደበ በሁለተኛው ወር እሱ በዓለም ዋንጫ ሜዳዎች በአራተኛ ዳኝነት ቆመ።

2011፦ ዋንጫ በመቐለ፣ ፈተና በራደስ

የ2010 ዋንጫን ጅማ አባ ጅፋር ባደገበት ዓመት ወሰደ። አሠልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ በቀጣዩ ዓመት ወደ መቐለ ተሻገረ፤ ክለቡም መቐለ 70 እንደርታ በሚለው ስሙ ፋሲል ከነማን አስከትሎ የ2011 ሻምፒዮን ሆነ። ፉክክሩ እስከ መጨረሻው ሳምንት ዘለቀ፤ በፖለቲካ ውጥረት ውስጥ ስለነበርም እያንዳንዱ ፊሽካ በብሔር ሚዛን ይመዘን ነበር። ዳኛው ትክክል መፍረዱ አይበቃም፤ ከየት እንደመጣም ይጠየቃል። ስለ ዳኝነት ጥራት ለመነጋገር ከዚህ የከፋ ጊዜ የለም፤ ጥያቄው ከሙያ ወጥቶ የማንነት ሆኗልና።

ጥቅምት 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ባምላክ በቱኒዚያ ራደስ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የፍጻሜውን ሁለተኛ ጨዋታ መራ። ከሳምንት በፊት የግብፁ አል አህሊ የቱኒዚያውን ኤስፔራንስ 3 ለ 1 ያሸነፈበት የመጀመሪያው ጨዋታ በቪዲዮ ረዳት ዳኛ (ቪኤአር) ውሳኔዎች ተናውጦ ነበር። የአህሊው አጥቂ ዋሊድ አዛሮ የገዛ ማልያውን ቀድዶ ጥፋት የተፈጸመበት ለመምሰል እንደሞከረ በካሜራ ታይቶ ከጨዋታ በኋላ ታገደ። በዚያ ሙቀት መሀል ኢትዮጵያዊው ዳኛ ገብቶ ኤስፔራንስ 3 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫ ያነሳበትን ጨዋታ ጨረሰ። አገር ቤት «ዳኛ የለንም» ይባል በነበረበት ሰሞን የአህጉሩን ከባድ ጨዋታ የተሸከመው ከዚያው አገር የወጣ ሰው ነው። ልዩነቱ ከኋላው የነበረው ነገር ነው፦ ካሜራ፣ የቪዲዮ ረዳት፣ የጸጥታ ኃይል፣ አጭበርባሪን በማግስቱ የሚቀጣ ተቋም።

ከ2012 እስከ 2015፦ ካሜራው ሲገባ ሰሜኑ ወጣ

በ2012 ሊጉን የክለቦቹ አክሲዮን ማኅበር ተረከበው፤ የውድድር ዘመኑ ግን በኮሮና ምክንያት ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። ጥቅምት 2013 ላይ በትግራይ ጦርነት ተነሳ። መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ ከሊጉ ወጡ፤ ውድድሩ በቀሩት 13 ክለቦች ታኅሣሥ ላይ ተጀመረ።

የዚያ ዓመት ሊግ የቀድሞውን አይመስልም። ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ በየተራ ተካሄዱ፤ ተመልካች በኮሮና ምክንያት ተገደበ፤ ዲኤስቲቪም በቀጥታ አስተላለፈ። ለዳኛው ይህ ሁለት ነገር ማለት ነበር። ባለሜዳ የሚባል ቡድን በመቅረቱ የጩኸቱ ሸክም ቀለለለት። በሌላ በኩል ግን ተመልካቹ ከሱ የበለጠ ማየት ጀመረ። ዳኛው አንድ ጊዜ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በሩጫ ላይ ሆኖ ያየውን ሶፋ ላይ የተቀመጠው ሰው በዝግታ፣ ደጋግሞ፣ ከሦስት ማዕዘን ያየዋል። ቪኤአር ደግሞ የለም፤ ማስረጃው ለሁሉም ደርሶ ለዳኛው ብቻ አይደርስም። ካሜራው ዳኛውን ከዱላ ጠበቀው፤ ለፌዝ ግን አጋለጠው።

ይሁንና ዳኝነቱ እድገት አሳይቷል። ጥር 2013 ላይ ካሜሩን ባስተናገደችው የአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና (ቻን) ታንዛኒያና ናሚቢያ ሲጋጠሙ የመሀል ዳኛዋ ሊዲያ ታፈሰ ነበረች፤ በዚያ የወንዶች ውድድር ፊሽካ የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት። በሙያዋ ፋርማሲስት ናት። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. ለ2019ኙ የሴቶች የዓለም ዋንጫ ተመርጣ ነበር። ከሥዩም ታረቀኝ እስከ ሊዲያ ታፈሰ ያለው መስመር አንድ ነገር ያረጋግጣል፦ ይህ አገር ጥሩ ዳኛ ማፍራት አላቃተውም።

በዚህ ሁሉ ጊዜ መቐለ በዝምታ ውስጥ ነበረች። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ጦርነቱን የማቆም ስምምነት ተፈረመ። ታኅሣሥ 19 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ መደበኛ የመንገደኛ በረራ አሉላ አባ ነጋ ላይ ዳግም አረፈ። ተለያይተው የቆዩ ቤተሰቦች ማረፊያው ውስጥ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ዓለም አየ። ኳሱ ግን ተራው እስኪደርሰው ገና ሁለት ዓመት ገደማ ይቀረው ነበር።

2017፦ ተመላሾቹና ያልተዘጋው ክስ

በ2017 ዓ.ም. ሦስቱም የትግራይ ክለቦች ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ተመለሱ። የተመለሱበት ሊግ ግን ጥለውት የሄዱት አይደለም። ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች መካሄዱን ቀጥሏል። ድሮ ዳኛው ወደ ቡድኑ ይበር ነበር፤ አሁን ቡድኑ ወደ ዳኛው ይበራል። የመቐለ ደጋፊ ፊሽካውን የሚሰማው በቴሌቪዥን ነው። ዳኛውን የሚያስፈራራው ሕዝብ አብሮት የለም። የሚያበረታታውም የለም።

ከ1936 ጀምሮ የተጓዝንበትን መንገድ ስናስተውለው ቅሬታው አራት ጊዜ ቤት ቀይሯል። መጀመሪያ በማኅበረሰቦች መካከል ተብላላ፤ ቀጥሎ በተከበሩ ሰዎች ቢሮ አረፈ፤ ከዚያ በኮሚሽነሩ ወረቀት ላይ ሰፈረ፤ በ2010 ሜዳ ውስጥ ፈነዳ፤ አሁን ስክሪን ላይ ተቀምጧል። ስክሪን ያሳያል እንጂ አያደምጥም፤ ምክንያትም አይሰጥም። እስካሁን የጎደለው ይኸው ነው።

ሌላው ዓለም ክፍተቱን መሙላት ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2023 በሴቶች የዓለም ዋንጫ ላይ ዳኛዋ የቪኤአርን ውሳኔ ከነምክንያቱ በድምፅ ማጉያ ለስታዲየሙ ትናገር ነበር። በእንግሊዝ በዚያው ዓመት የዳኞች ኃላፊ ሃዋርድ ዌብ በቴሌቪዥን ቀርቦ ዳኞቹ እርስ በርስ የተነጋገሩትን እያሰማ የትኛው ልክ፣ የትኛው ስህተት እንደነበር ማስረዳት ጀመረ። ስህተቱ አልቀነሰ ይሆናል፤ ጥርጣሬው ግን የሚይዘው ነገር አነሰ።

ለዚህ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ማሽን አያስፈልግም። የቀጥታ ስርጭቱ ምስል አለ፤ የኮሚሽነሩና የገምጋሚው ሪፖርት አለ፤ በዓለም ዋንጫ መድረክ የቆሙ ዳኞች አሉ። በሳምንት አንድ ጊዜ አከራካሪ ውሳኔዎችን አውጥቶ «ይህ ልክ ነበር፣ በዚህ ሕግ፤ ይህ ስህተት ነበር፣ በዚህ ምክንያት» የሚል አንድ መድረክ ይበቃል። ውጤቱ አይቀየርም፤ ዳኛውም አይሻርም። ተከራካሪው ግን አባቶቹ ዛፍ ሥር ያገኙት የነበረውን ያገኛል፦ ፍርድን ከነምክንያቱ። ሊጉ በባለሜዳና በእንግዳ ሥርዓት ወደየከተማው ቢመለስና ዳኛው ዳግም ኲሓ ሜዳ ላይ ከአውሮፕላን ቢወርድ፣ ከጸጥታ አጀቡ በላይ የሚጠብቀው ይህ ነው።